በበይነ መረብ ጨረታ የማጓጓዣው ወጪ የማን ነው? ርክክቡስ የት?

በጨረታ ያሸነፈ ሰው የሚያወጣው ገንዘብ በስልኩ ላይ ካየው አኀዝ ጋር እኩል የሚሆነው ዕቃው ደጁ ላይ ሲገኝ ብቻ ነው። ዕቃው አዲስ አበባ፣ ኮምቦልቻ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ተጫራቹ መርሳ ወይም ወልድያ ሲኖር በመካከሉ የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ፣ የማቆያ ክፍያና የመንገድ ጊዜ ይገባል። ክርክሩም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ገዥው "ዋጋው እስከ እኔ ድረስ መስሎኝ ነበር" ይላል፤ ሻጩ ደግሞ "እኔ የሸጥኩት ካለበት ነው" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚዋሹ ላይሆኑ ይችላሉ። ርክክቡ የት እንደሚፈጸም አስቀድሞ የጻፈ ስለሌለ፣ እያንዳንዱ ለራሱ በሚመቸው ቦታ ላይ አድርጎታል። ስለዚህ በገንዘብ የተጀመረ የሚመስለው ጭቅጭቅ ሥሩ ሲታይ የቦታ ጥያቄ ነው።

በሰሜን ወሎ ያለ ነዋሪ ዛሬ በብዙ መንገድ ጨረታ ያገኛል። ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሽከርካሪና የልዩ ልዩ ንብረት ጨረታ በጋዜጣና በድረ ገጽ ያስነግራሉ። ነጋዴዎችና ግለሰቦች በቴሌግራምና በፌስቡክ የዕቃውን ፎቶ ለጥፈው መነሻ ዋጋና የመዝጊያ ሰዓት ይናገራሉ፤ ተጫራቾችም በአስተያየት መስጫው ሥር ዋጋ ይሰጣሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያው ራሱ በደቂቃ ያልቃል። ገንዘቡ በደቂቃ ይሄዳል፤ ዕቃው ግን እንደ ድሮው በመኪና ነው የሚመጣው።

ውሉ ዝም ሲል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚደነግግበት ክፍል ለዚህ ጥያቄ መልስ አስቀምጧል። ተዋዋዮቹ የርክክቡን ቦታ ከወሰኑ የወሰኑት ይጸናል። ካልወሰኑ ግን በመርሕ ደረጃ ሻጩ የሚያስረክበው ውሉ በተደረገበት ጊዜ የንግድ ሥራውን በሚያካሂድበት ቦታ፣ የንግድ ቦታ ከሌለውም በመኖሪያው ነው። ዕቃውን የመቁጠር፣ የመለካትና የመመዘን ወጪ የሻጭ ሲሆን፣ ከርክክቡ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የማጓጓዝ ወጪ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ የገዥ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት ለብዙ ገዥዎች ያልተጠበቀ ነው፤ ዝምታ ለሻጭ ያደላል። በማስታወቂያው ላይ ስለ ማጓጓዣ አንድም ቃል ካልተጻፈ፣ የመርሳው ገዥ "ነጻ መስሎኝ" ብሎ ቢከራከር ሕጉ ብዙም አያግዘውም። በአንጻሩ ሻጩ "እስከ ወልድያ አደርሳለሁ" ብሎ ከጻፈ በኋላ የመኪና ኪራይ ጨመረብኝ ብሎ ልዩነቱን ከገዥው ሊጠይቅ አይገባም።

ከወጪው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱም በመንገድ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። በጥቅሉ ሲታይ እስከ ርክክብ ድረስ ለዕቃው ኃላፊው ሻጭ ሲሆን ከርክክብ በኋላ ገዥ ነው። ስለሆነም የርክክቡ ቦታ አዲስ አበባ ከሆነ፣ በመንገድ ላይ የተሰበረው ቴሌቪዥን በመርሳው ገዥ ላይ ሊወድቅ ይችላል። "የትራንስፖርቱን እኔ ከከፈልኩ ቢሰበርም ችግሩ የእኔ ነውን?" ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ገዥ ጥቂት ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ይኸው ነው።

የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተለዋወጡት መልእክት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ በቴሌግራም የተጻፈ "እስከ መናኸሪያ ድረስ" የሚል ቃል ማስረጃ ነው። ችግሩ ጽሑፉ ሊቀየር ወይም ሊሰረዝ መቻሉ ነው። ቴሌግራም መልእክቱ መስተካከሉን ያመለክታል፤ ቀድሞ ምን ይል እንደነበር ግን አያሳይም። ማስታወቂያውን ዋጋ ከመስጠት በፊት በስልክ ምስል ማስቀረት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

መርሳ ከወልድያ በፊት ናት

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚመጣው አውራ ጎዳና ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን ካለፈ በኋላ ነው ወልድያ የሚደርሰው። መርሳ ከወልድያ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ላኪው ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ወልድያን ስለሆነ በጭነቱ ላይ "ወልድያ" ብሎ ይጽፋል። ያን ጊዜ የሀብሩ ገበሬ ዕቃ በደጁ አልፎ ይሄድና፣ ባለቤቱ ወልድያ ሄዶ አውራጅ ከፍሎ ተመልሶ ሊያመጣው ይገደዳል። ይህን ትርፍ ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ በማስታወቂያው ላይ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ሻጩ "ወልድያ አካባቢ" ሲል ከተማውን አስቦ ነው፤ ገዥው ደግሞ ወረዳውን ሁሉ።

አንድ ምሳሌ ይታይ። በመርሳ የሚኖር መስኖ አልሚ የውኃ ፓምፕ ይፈልጋል እንበል። አዲስ አበባ ያለው በ24,000 ብር ይሸነፍለታል። የጭነቱ 1,500፣ በሁለቱም ጫፍ የጫኝና አውራጅ 400፣ ከወልድያ ወደ መርሳ መመለሻ 600 ብር ሲጨመር ወጪው 26,500 ብር ይሆናል። ያው ዓይነት ፓምፕ ወልድያ ላይ በ25,500 ብር ቀርቦ ነበር፤ ወደ መርሳ ማምጫው 600 ብር ቢሆን በድምሩ 26,100 ብር ነው። በስልኩ ላይ በ1,500 ብር የረከሰው ዕቃ ቤት ሲደርስ በ400 ብር ተወድዷል። በዚያ ላይ የወልድያውን አስነሥቶ፣ ውኃ ስቦ ማየት ይቻል ነበር።

ከእነዚህ ወጪዎች ይበልጥ የሚያጨቃጭቀው የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ነው። የመኪናው ኪራይ አስቀድሞ ይነገራል፤ ጫኝና አውራጁ ግን ዕቃው ከመኪና ላይ ሳለ ነው ዋጋውን የሚጠራው። "ማጓጓዣ በእኔ" ያለ ሻጭ ማውረጃውን እንደጨመረ ወይም እንዳልጨመረ ለይቶ ካልጻፈ፣ ይህ ወጪ ባለቤት አያገኝም።

ዋጋ ዝቅ፣ ማጓጓዣ ከፍ

ይህ ክርክር በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው ኢቤይ የተባለው የበይነ መረብ የጨረታ ገበያ ለብዙ ዓመታት ታግሎታል። ኢቤይ ከሻጮች የሚወስደው ድርሻ ይታሰብ የነበረው ዕቃው በተሸጠበት ዋጋ ላይ ብቻ ስለነበር፣ አንዳንድ ሻጮች ዕቃውን በአንድ ዶላር አቅርበው የመላኪያውን ክፍያ ብዙ እጥፍ ያደርጉት ነበር። ድርሻው ያንሳል፤ ገዥውም በርካሽ ዋጋ ተስቦ ይመጣል። ኩባንያው በ2007 እ.ኤ.አ. ገዥዎች የመላኪያውን ክፍያ ለብቻው ነጥብ እንዲሰጡበት አደረገ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድርሻውን በመላኪያው ክፍያ ላይም ማሰብ ጀመረ። የማታለያው ጥቅም የተነካው ያኔ ነው።

በቴሌግራም ጨረታ ላይ እንዲህ ያለ ዳኛ የለም። የመላኪያው ሒሳብ ከአሸናፊነት በኋላ የሚነገር ከሆነ፣ ሻጩ በጨረታው ያጣውን በማጓጓዣው ሊያስመልስ መንገድ አለው ማለት ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ የመላኪያው ዋጋ በአኀዝ ካልተጻፈ ዋጋ አለመስጠት፣ ወይም "ጭነቱን ራሴ አስነሣለሁ" ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ።

ከቦታው መረከብ

የባንክና የመሥሪያ ቤት ጨረታዎች በዚህ ረገድ ከግለሰቦቹ ይሻላሉ፤ ቃሉ የተጻፈ ነውና። "ንብረቱ ባለበት ሁኔታ" የሚል ሐረግ ካለ፣ ሻጩ ስለ ጥገናም ስለ ማንሻም ኃላፊነት መውሰድ አልፈለገም ማለት ነው። የማይነሣ መኪና ያሸነፈ ሰው መጎተቻውን ራሱ ይችላል። አሸናፊው ቀሪውን ክፍያ የሚያጠናቅቅበትና ንብረቱን የሚያነሣበት የቀን ገደብ፣ ገደቡ ካለፈም የማቆያ ኪራይ ወይም በሲፒኦ የተያዘውን የጨረታ ማስከበሪያ ማጣት በሰነዱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱም የሚታወቀው ከዚያው ነው። ሰነዱን ሳያነቡ ዋጋ መስጠት፣ የማያውቁትን በሬ በገመዱ ብቻ አይቶ እንደ መግዛት ነው።

ለወልድያና ለአካባቢዋ የቀን ገደቡ የተለየ ክብደት አለው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ በጸጥታ ችግር ምክንያትም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በ10 ቀን ውስጥ ካልተነሣ ማስከበሪያው የሚወረስ ከሆነ፣ መንገዱ ተዘግቶ 12 ቀን የቆየው ገዥ ምን ይሆናል? ፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሲያጋጥም ባለዕዳው ግዴታውን ባለመፈጸሙ ኪሣራ እንዳይከፍል ያደርጋል። ነገር ግን መስፈርቱ ጠባብ ነው፤ የተከሰተው ነገር ሊገመት የማይችልና ግዴታውን ፈጽሞ የሚከለክል መሆን አለበት። መንገዱ ደጋግሞ ሲዘጋ የቆየ ከሆነ ሻጩ "ይህን እያወቅህ ነው የተጫረትኸው" ሊል ይችላል። ስለዚህ በሕጉ ላይ ተማምኖ ከመቀመጥ ይልቅ "መንገድ ወይም ኔትወርክ የተዘጋበት ቀን አይቆጠርም" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጫረት በፊት ማስገባት፣ ሻጩ እምቢ ካለም ያንን አውቆ መወሰን ይበጃል።

ከቦታው በመረከብ ላይ ሻጩም የሚጎዳበት መንገድ አለ። ገዥ ዕቃውን በእጁ ወስዶ "አልደረሰኝም" ቢል፣ በፖስታ ወይም በጭነት ድርጅት የተላከ ዕቃ ያለው ዓይነት ደረሰኝ ሻጩ የለውም። ኢቤይ ለዚህ ያገኘው መላ ገዥው በስልኩ የሚይዘውን ምስጢራዊ ኮድ ሻጩ በርክክቡ ሰዓት እንዲያነበው ማድረግ ነው። በእኛ ዘንድ የቴሌብር መልእክት ገንዘብ መከፈሉን ያረጋግጣል እንጂ ዕቃ መሰጠቱን አይናገርም። ቀኑን፣ ቦታውንና የዕቃውን ሁኔታ የያዘ፣ ሁለቱም የፈረሙበት አጭር ወረቀት ይህን ክፍተት ይሞላል።

ገበሬው ሻጭ ሲሆን

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው ስለ ገዥ ነው። የሀብሩ ገበሬ ማንጎውን፣ ብርቱካኑን ወይም ሽንኩርቱን በስልክ ዋጋ አስጠርቶ ሲሸጥ ግን ራሱ ሻጭ ነው፤ ያን ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሚዛኑ የት ይሁን የሚለው ነው። ፍራፍሬ በመንገድ ላይ ውኃ ያጣል፣ ይላሸቃል፣ ይጎዳል። መርሳ ላይ 20 ኩንታል የተመዘነው ደሴ ላይ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ጉድለቱ የማን ነው? ርክክቡ በመርሳ ሚዛን ከተጻፈ የገዥው ነው፤ "ደሴ ደርሶ ተመዝኖ" ከተባለ የገበሬው ነው። በኪሎ የሚሰጠው ዋጋ ሁለቱን ሁኔታዎች እኩል ሊያደርጋቸው አይገባም። ደሴ ደርሶ የሚመዘን ከሆነ ገበሬው የሚጠራው ዋጋ ኪራዩንና ጉድለቱን የሚያካክስ መሆን አለበት።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አሠራር ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያገበያየው ይህ ተቋም በምሥራቅ አማራ ቆላማ አካባቢዎች የሚመረተውን ማሾ ጨምሮ ምርቶችን የሚቀበለው በመጋዘኖቹ ነው። ምርቱ እዚያ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ አስገቢውም የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል። ግብይቱ ሌላ ቦታ ሲካሄድ ገዥው ምርቱ በየትኛው መጋዘን እንዳለ አውቆ ነው ዋጋ የሚሰጠው፤ የሚያነሣውም በራሱ መኪና ከዚያው መጋዘን ነው። ርቀቱ በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ስለተቆጠረ ከጨረታው በኋላ ስለ ኪራይ የሚያነታርክ ነገር አይተርፍም።

ክርክሩ ከተነሣ በኋላ

ሻጩ ነጋዴ ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ እንዲያሳውቅና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ አቤቱታውም ለከተማው ወይም ለወረዳው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ ይችላል። ያገለገለ ዕቃውን አንድ ጊዜ የሸጠ ግለሰብ ግን ነጋዴ ስላልሆነ ጉዳዩ ወደ ሽምግልና ወይም ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ሁለቱም ወገኖች በአካባቢው ካሉ፣ ለጥቂት መቶ ብር የኪራይ ልዩነት አባጋሮች ወይም የሠፈር ሽማግሌዎች ዘንድ መቀመጥ ከፍርድ ቤት ምልልስ ይረክሳል።

ሻጩ አዲስ አበባ ሆኖ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የርክክቡ ቦታ እንደገና ይነሣል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ በመርሕ ደረጃ ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በውል ላይ ለተመሠረተ ክርክር ደግሞ ውሉ የተደረገበት ወይም የሚፈጸምበት ቦታ ፍርድ ቤትም ሊያየው እንደሚችል ይፈቅዳል። በማስታወቂያው ላይ "ርክክብ መርሳ" ተብሎ ከተጻፈ፣ ገዥው መርሳ ላይ ከሶ ሻጩን ወደዚያ የሚጠራበት መከራከሪያ አለው። "ርክክብ አዲስ አበባ" ከተባለ ወይም ምንም ካልተባለ ግን ለ26,000 ብር ፓምፕ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቀጠሮ መጠበቅ የገዥው ዕጣ ሊሆን ይችላል።