የኪልዋ አባቶችና እናቶች

የኪልዋ ደሴት የቆየ ታሪክ ሱልጣኖቿ ከሺራዝ በመርከብ እንደመጡ ይተርካል። ቅኝ ገዢዎች ይህን ይዘው ያን ሁሉ መስጊድ ለውጭ ሰው ሰጡት፤ በኋላ የመጡ ብዙ ምሁራን ደግሞ የሺራዙን ነገር ተረት አደረጉት።

በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኪልዋንና ማንዳን ጨምሮ በኬንያና በታንዛኒያ ጥንታዊ መቃብሮች የተገኙ የ80 ሰዎችን ዘረ-መል መረመረ። ከአባት ለወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው በአብዛኛው ወደ ፋርስ አቅጣጫ ያመራል። ከእናት የሚወረሰው ግን ከሞላ ጎደል አፍሪካዊ ነው! መቀላቀሉ የጀመረው 1000 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው።

ሺራዝ እንግዲህ ተረት አይደለም። ለቅኝ ገዢዎቹም ግን አይመችም፦ በፓቴ ደሴት፣ ሻንጋ ላይ መስጊድ የቆመው ከዚያ በፊት፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእነዚያ ነጋዴዎች ልጆችም ያደጉት በእናታቸው ቋንቋ ነው፤ ስዋሂሊ የዓረብኛ ቃላት ቢበዙበትም ሰዋስዉ ባንቱ ነው።