ነፍጥ ያዡና ጠበቃው፤ ከአሊዩ አምባ ገበያ እስከ አዋጅ ቁጥር 1177

ጠመንጃ በእኛ አገር ብዙ ተዘፍኖለታል። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እየተባለ በስሙ ይጠራል። በሠርግ ይተኮሳል፣ በፉከራ ይወደሳል። ስለ ተሸካሚው ግን ማን ተናገረ? ጠመንጃውን ከማን አገኘው? በማን ፈቃድ ያዘው? ሲነጠቅስ ለማን አቤት አለ? ይህች ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ ወደ አሊዩ አምባ ትወርዳለች። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አሊዩ አምባን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ የምትገኘው ይህች ከተማ ዛሬ ትንሽ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840) ግን የሸዋ መንግሥት በር ነበረች። ከታጁራ የተነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ፋሬ ይደርስና ከዚያ ወደ አሊዩ አምባ ይወጣል። አርጎባው ሸማኔና ነጋዴ፣ አፋሩ ከነግመሉ፣ የሐረሩ ነጋዴ ከነሸቀጡ፣ ደገኛው ከነእህሉ ዓርብ ዓርብ እዚያ ይገናኛሉ። ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ አዎን፣ ሰውም ጭምር ይሸጥ ነበር። የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጠመንጃ ወደ ደጋ ይወጣል። የአዳኙ ድካምና የነፍጠኛው መሣሪያ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፉ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በበሩ የሚያልፈው ሁሉ እንደ ልቡ አያልፍም። የይፋት ገዢ ወላስማ መሐመድ በሩን ይጠብቃል። «ወላስማ» የሚለው ማዕረግ ራሱ የጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ስም ነው። ባዕድ ሰው ከመጣ ንጉሡ «ይውጣ» እስኪሉ ድረስ ታች ቆላ ይቆያል። በ1833 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስም እንዲሁ አሊዩ አምባ ላይ ፈቃድ ጠብቋል። ሰውየው በደቡብ አፍሪካ ስላደረገው አደን መጽሐፍ የጻፈ፣ አደን የሚወድ መኮንን ነበር። ሸዋ ደግሞ ዝሆን የገደለ ሰው እንደ ጀግና የሚከበርበት አገር ነው። ስለዚህ አዳኝና አዳኝ ተገናኙ ብንል ይቻላል። በኅዳር 1834 በሐሪስና በንጉሡ መካከል ውል ተፈረመ። ውሉ ስለ ንግድ ይናገራል፤ ከእጅ መንሻው መካከል የንጉሡን ዓይን የሳቡት ግን ጠመንጃዎቹና መድፎቹ ነበሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በበኩሉ ለአገሩ ውል አስፈረመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። ጠመንጃው አገር ገባ፤ የማን ሆነ? የንጉሡ ሆነ። በዚያን ዘመን የሸዋ ጠመንጃ በመቶ የሚቆጠር፣ ቢበዛ ሺህ ገደማ ሲሆን መቀመጫው የንጉሡ ግምጃ ቤት ነበር። ዘመቻ ሲነሣ ይሰጣል፣ ዘመቻው ሲያበቃ ይመለሳል። ነፍጠኛ የተባለው ሰው ነፍጡን ይሸከማል እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ስለ ነፍጥ የሚዋዋሉት ከላይ ንጉሥና ቆንሲል፣ ከታች ነጋዴና የበር ጠባቂ ናቸው። ተሸካሚው በውሉ ውስጥ የለም። ይህን ነገር ልብ እንበል፤ ወደፊት ደጋግሞ ይመጣልና።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ ግመሉ በዛ፣ ጠመንጃውም በዛ። በ1879 በጥር መጨረሻ አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር ገባ። ሰውየው በአገሩ ትልቅ ገጣሚ ነው፤ እኛ ዘንድ የመጣው ግን ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ ነው። ሸሪኩ ላባቱ ሞቶበታል፤ ንጉሡ እንጦጦ ናቸው። እንጦጦ ድረስ ቢሄድ ዋጋው ተቆርጦ፣ የሸሪኩ ባለ ዕዳዎችም ተነሥተውበት እያማረረ ተመለሰ። ምኒልክ እንደ አያታቸው በስጦታ የሚደለሉ አልሆኑም፤ ገበያውን አውቀውታል። በዚያው ዓመት ሐረር ስለ ተያዘች ቅፍለቱ ቀስ በቀስ ወደዚያ ዞረ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የአሊዩ አምባ በርነት አከተመ። ጠመንጃው ሌላ በር አገኘ፤ ከተማዋ ከገበያዋ ጋር ቀረች።

ዓለምም በዚህ ጊዜ ስለ ጠመንጃችን መማከር ጀምሮ ነበር። በ1882 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ውል በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የመሣሪያን ንግድ ከለከለ። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነው ተባለ፤ በተግባር ግን ጠመንጃ ያለው ቅኝ ገዢ፣ የሌለው ጥቁር ሰው እንዲሆን ያደረገ ውል ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ስለ መሣሪያ ግዴታ ገባች። በነሐሴ 1922 ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር ሌላ ውል ፈረመች። ኢጣሊያ ስትመጣ ያ ሁሉ ፊርማ ምን ፈየደ? ገበሬው ያን አሮጌ ውጅግራ ይዞ ነው የወጣው። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንዝ፣ በተጉለትና በይፋት አካባቢ አምስት ዓመት የተዋጉት ውጭ አገር ገበያው በተዘጋበት ጊዜ ነው። ባላገሩ ጠመንጃውን እንደ ልጁ የሚያየው ለጌጥ ብቻ አይደለም። «በክፉ ቀን የደረሰልኝ እሱ ነው» ይላል፤ ውሸትም የለበትም።

ከነጻነት በኋላስ? ነፍጥ ያዡ በሕግ ፊት ቀርቦ የተናገረበት ጊዜ አለን? አንድ አለ፤ እሱም ጎጃም ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ከዚያም በፊት የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ጠመንጃ ይመዝገብ፣ ለምዝገባውም ይከፈል ሲል፣ ገበሬው ሁለቱን አንድ አድርጎ አየው። «መሬቴን ሊለኩ፣ ነፍጤን ሊቀሙ» አለ። በመጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው? መልእክተኞች መርጦ አዲስ አበባ ላከ፤ አቤት አለ። ሰሚ ሲያጣ ወደ ጫካ ወጣ። ጦር ተላከበት፣ ከአየር ተደበደበ፣ ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻው ግን አስተዳዳሪው ተዛወሩ፣ ግብሩ ቀረ፣ ውዝፉም ተሰረዘ። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ግብሩን ነው፤ የጠመንጃ ምዝገባው ግን ለገበሬው ከዚያ ያነሰ ጉዳይ አልነበረም። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ አቤቱታው በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ!

በየካቲት 1967 መሬት ለአራሹ ታወጀ። ባላባቱ ከመሬቱ ተነቀለ፤ የገበሬ ማኅበርና ጥበቃ ጓድ ተቋቋመ፤ ጠመንጃም ለጓዱ ታደለ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ አንክድም። ሆኖም ጠመንጃውን የሰጠ ያው እጅ መልሶ ይሰበስበዋል። የሣህለ ሥላሴ ግምጃ ቤት ስሙን ለወጠ እንጂ አልፈረሰም።

የአዳኙም ነገር ከዚህ አይለይም። ከይፋት ቆላ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአዋሽ ፓርክ በ1958 ሲቋቋም ከረዩና አፋር የግጦሽ መሬታቸውን አጡ። አደን በፈቃድ ሆነ። ፈቃዱን የሚገዛው ግን በአብዛኛው ዶላር ይዞ የሚመጣ የውጭ ሰው ነው። ማሽላውን ከርከሮና ዝንጀሮ የሚፈጅበት የቆላ ገበሬ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ያድራል።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በየክፍለ ግዛቱ የአዳኞች፣ የዓሣ አጥማጆችና የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር አለ። ሕግ ሲረቀቅ ምክር ቤት ሄዶ ይሟገታል፣ አባላቱን ያስተባብራል፣ የማይደግፈውን ተመራጭ በድምፅ ይጥላል። ይህ መንገድ ጉድ የለበትም አንልም፤ ማኅበሩ እየበረታ ሲሄድ ጠመንጃ ያልያዘው ሰው ደኅንነት እንደሚዘነጋ እዚያው አገር ብዙ ሰው ይጮኻል። ቢሆንም ክርክሩ በወረቀትና በአፍ ነው።

እኛ ዘንድስ? የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ። ስለዚህ አንድ የአሊዩ አምባ ወይም የሸዋ ሮቢት ሰው ስለ ጠመንጃው ሕግ የሚከራከርበት ቦታ ከክልሉም በላይ ነው። በ2012 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ፤ ምዝገባና ፈቃድ ሥርዓት ተበጀለት። ሕግ መኖሩ ደግ ነው። ግን በረቂቁ ጊዜ ባለ ጠመንጃውን ገበሬ ወክሎ የቀረበ ማኅበር ማን ነበር? የከብት አርቢውንስ? ጠመንጃ የሌለውን፣ ጠመንጃ ያለውን ጎረቤቱን ፈርቶ የሚያድረውንስ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2013 አጣዬና አካባቢው ተቃጠለ። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ይፈርሱ ሲባል በአማራ ክልል ቁጣ ተነሣ፤ በሐምሌ ወርም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ውጊያው ሸዋ ሮቢትንም አላለፋትም። ማን ትክክል ነው የሚለው የዚህች ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳያችን መልኩ ነው። ጠመንጃ ይታደላል፣ ይሰበሰባል፤ ተሸካሚው አይጠየቅም። አቤት የሚልበት ደጅ ሲያጣ ደግሞ ጠመንጃው ራሱ አቤቱታ ይሆናል። የዚህ ዓይነቱን አቤቱታ ዋጋ የሚከፍለው ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያ ያልያዘው ነው፤ ሸማኔው፣ ነጋዴው፣ ውሃ ልትቀዳ የወጣችው ሴት።

እንግዲህ ወደ ገበያችን እንመለስ። በአሊዩ አምባ ዓርብ ገበያ አርጎባው፣ አፋሩና ደገኛው በዋጋ ሲከራከሩ ይውሉና ማታ በሰላም ይለያዩ ነበር። ስለ ጨውና ስለ ጨርቅ መከራከር ይቻላቸው ነበር። ስለ ጠመንጃው ግን የሚከራከሩት ሌሎች ነበሩ። የጎደለን ይኸው ይመስለኛል፤ የያዘውም ያልያዘውም ተቀምጦ፣ ስለ ነፍጥ እንደ ጨው ዋጋ በግልጽ የሚሟገትበት ገበያ።