የሰማ ላልሰማ ያሰማ



በቀደም ስብሰባችን ላይ ስም ስጠራ አንዲት እናታችን አልተገኙም። በደንባችን መሠረት በስማቸው ትይዩ የቅጣት ምልክት አደረግሁ። በሳምንቱ ቤታቸው ጎራ ስል፣ «ልጄ፣ ስብሰባ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ለካ ጥሪውን ያስተላለፍነው በስልክ መልእክት ብቻ ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነብላቸው ልጅ ደግሞ ለሥራ ከዘንገና ወጥቷል። ቅጣቱን ሰረዝሁት። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም፤ የቀደሙት ሰዎች እንዴት ነበር የሚጠራሩት?

ሬዲዮ ሳይመጣ የመንግሥት ቃል ሕዝቡ ዘንድ የሚደርሰው በዐዋጅ ነበር። ነጋሪት ይጎሰምና ቃሉ ገበያ መሃል ይነገራል። ዐፄ ምኒልክ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ያወጁት ክተት ከየአገሩ የሰበሰበው ሠራዊት የካቲት 23 ዐድዋ ላይ ድል አደረገ። በዐዋጅ ወግ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዛል። ገበያ ያልወጣችው ሴት ከጎረቤቷ ትሰማለች። አደራው የነጋሪት መቺው ብቻ ሳይሆን የሰሚው ሁሉ ነበር።

በእኛው አገር ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። በዐድዋ ዘመቻ ፈረሶች የዋሉትን ውለታ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ይከበራል። ቀኑ ስለማይለዋወጥ ጠሪ አያስፈልገውም። እናቶቻችን የሚጠጡት የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ሲሆን ቀኑ ራሱ ይጠራል። ማንበብ የማትችል ሴትም ቀን ቆጥራ ትመጣለች።

ሞት ግን ቀን አይቆርጥም። ስለዚህ ዕድር ጡሩምባ ነፊ አስፈለገው። ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩም የት እንደሆነ ይናገራል። ለማያነበውም፣ ዓይኑ ለደከመውም፣ አልጋ ላይ ላለውም ድምፁ እኩል ይደርሳል።

ቀጥሎ ፊደል መጣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ስማቸውን ለመጻፍ አበቃ፤ አገራችንም በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ በኩል ለዚሁ ተሸለመች። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ቢካሄድም አዊኛ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። በእናቱ ቋንቋ ፊደል የመቁጠር ዕድል ለአዊ ልጅ የመጣው ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ነው። ዛሬ አዊኛ አፋቸውን የፈቱበት ብዙ አሮጊቶቻችን የእኛን የአማርኛ ቃለ ጉባኤ በጆሯቸው ብቻ የሚከታተሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ጥሪያችን ፈጠነ። ስልክን አልነቅፍም፤ ክረምት ሲገባ በጭቃው ከቤት ቤት መዞር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ነገር ግን መልእክት መላክ ሌላ፣ መድረሱን ማወቅ ሌላ ነው።

አሁን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ሰው የምጠራውም የምቀጣውም እኔ ነኝ። ነገ ግን እኔም አረጃለሁ። ዓይኔ ሲደክም፣ ልጆቼ ለእንጀራ ሲበተኑ፣ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ የስብሰባውን ቀን የምጠብቅ አሮጊት ስሆን ይታየኛል። ያን ጊዜ የማኅበሩ ብር ሊያበላኝ ይችላል። የምፈራው እህል ማጣትን ሳይሆን ስሜ መዝገብ ላይ እያለ ድምፅ ሳይደርሰኝ መቅረቱን ነው። ዛሬ የምንሠራው ልማድ ያን ቀን የሚያገኘኝ ልማድ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ስብሰባ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ስብሰባችን ወር በገባ በማይለወጥ አንድ ቀን ይሁን። ሁለተኛ፣ ድንገተኛ ጥሪ ሲኖር እያንዳንዷ ወጣት አባል አንዲት እናት ትያዝ፤ ደጇ ድረስ ሄዳም በምትሰማው ቋንቋ ትንገራት። ሦስተኛ፣ ጥሪው ያልደረሳት አባል አትቀጣ፤ መቅጫውን ያላደረሰችው ትክፈል፤ የመጀመሪያዋ ከፋይም እኔ ልሁን።

እስከዚያው ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ለማታነበው ጎረቤታችሁ አንብቡላት።