ዴካቶፔክተን ፕሊካ፦ ዛጎል ሲመሰክር
ትንሽ የሞቃት ባሕር ስካሎፕ (ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ)። ስርጭት፦ ከቀይ ባሕር እስከ ምዕራብ ፓስፊክ። የመጀመሪያ ገላጭ፦ ካርል ሊኒየስ፣ 1758 እ.ኤ.አ.

ይህ ዛጎል የሚታይበት የእንጦጦ ራጉኤል ተራራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚታይ የባሕር ዛጎል በሰው እጅ የመጣ ነው፤ የተገኘበት ቦታ ስለ ዝርያው አይነግረንም። ምስክሩ ዛጎሉ ራሱ ነው። ቀለሙ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይለያያል፣ በፀሐይም ይደበዝዛል። ቅርጽ የበለጠ ይታመናል። በቀኙ ክዳን ከፊተኛው ጆሮ (ከማጠፊያው ጎን ካለው ክንፍ መሰል ክፍል) ሥር ባለው ስርጉድ ላይ የሚደረደሩት ደቃቅ ጥርሶች የስካሎፕ ቤተሰብ መለያ ናቸው። ዝርያውን ደግሞ ጥቂት፣ ሰፋፊና ክብ እጥፋቶቹ፣ በላያቸውም የሚወርዱት ቀጫጭን መስመሮች ያመለክታሉ።

ጥርሶቹ በአንዳንድ ስካሎፖች ሲያረጁ ይጠፋሉ የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው። ሆኖም ዛጎል የሚያድገው በጠርዙ ስለሆነ የልጅነት ቅርጹ ከማጠፊያው አጠገብ ይቀራል፤ መርማሪው መጀመሪያ ማየት ያለበትም እዚያ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው የሚመሳሰል ቅርጽ በማይቀራረቡ የስካሎፕ ዘሮች ለየብቻ ተፈጥሯል። ሊኒየስም ይህን ዝርያ ከኦይስተር ጋር በአንድ ወገን መድቦት ነበር። ይህ ግን ቅርጽን ዋጋ አያሳጣውም፤ በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድን ነው የሚከለክለው። ጆሮ፣ ጥርስ፣ እጥፋትና ደቃቅ መስመር በአንድነት ሲስማሙ ስያሜው ጽኑ መሠረት ያገኛል።