ጎተራ ያጣው ኮምፖስት

 

ዛሬ ስለ ኮምፖስት ነው የምጽፈው። «የታሪክ መምህር ከፍግ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ብቻ ከሆነ ገበሬው የት ሊገባ ነው? የማዳበሪያ ታሪክ የእንጀራችን ታሪክ ነው። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

እስቲ መጀመሪያ ወሩን እንቁጠር። በእኛ በአዊ ለኮምፖስት የሚሆን ነገር የሚትረፈረፈው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። አረሙም፣ ሣሩም፣ ቅጠሉም፣ እበቱም ያኔ አለ። በዚያ ወቅት የተከመረ ኮምፖስት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተገላበጠ፣ ብርዳችንም ታስቦ፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ይበስላል። የሚፈለገውስ መቼ ነው? ለበቆሎና ለገብስ ግንቦት፣ ለስንዴ ሰኔ፣ ለጤፍ ሐምሌ። እንግዲህ መሐል ላይ አራት አምስት ወር አለ። ያ የበሰለ ኮምፖስት እነዚህን ወራት የት ነው የሚከርመው?

አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በተከመረበት፣ ሜዳ ላይ። የካቲትና መጋቢት ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ነፋስ ያነሣዋል፣ ዶሮ ይጭረዋል። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ደግሞ ዝናቡ ይወርድበታል። ያኔ ከክምሩ ሥር ሻይ የመሰለ ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ወደ ቦዩ ሲሄድ አይታችሁ ይሆናል። ያ ውሃ ዝም ብሎ ውሃ አይደለም፤ ሰብሉ ሊበላው የነበረው ምግብ ነው።

ለምን እንደሚታጠብ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኮምፖስት ሲበስል በውስጡ ካለው ናይትሮጅን ከፊሉ ናይትሬት ወደሚባለው መልክ ይለወጣል። ናይትሬት ለተክል ሥር የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በውሃ የሚሟሟና ከአፈሩ ጋር አጥብቆ የማይያያዝ ስለሆነ ዝናብ በቀላሉ ይዞት ይሄዳል። ፖታሲየሙም እንደዚሁ ይታጠባል። ውሃው በዝቶ ክምሩ ከረገረገ ደግሞ አየር ያጣል፣ ይሸታል፣ የተረፈውም ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይተናል። በሰኔ ገበሬው በቅርጫት ተሸክሞ ማሳው ላይ የሚበትነው ጥቁር ነገር መልኩ ኮምፖስት ነው፤ ጉልበቱ ግን ከግማሽ መንገድ ቀርቷል። ያኔ ነው «ኮምፖስቱን ሞክሬው ነበር፣ እንዲህም አልጠቀመኝ» የሚባለው።

ይህ እህል ቢሆን ኖሮ ማን ሜዳ ላይ ይተወዋል? የአገራችን ገበሬ እህል በማስቀመጥ ማንም አያስተምረውም። ጎተራ ሠርቶ፣ በእበትና በጭቃ መርጎ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ክዳን አልብሶ ያስቀምጣል። ለቤት ውስጥ ጎታ አለው። በአንዳንድ አካባቢ መሬት ቆፍሮ ጉድጓዱን በገለባ ለብጦ ማሽላ ለዓመታት ያቆያል። የእህሉ ምግብ የሆነው ኮምፖስት ብቻ ነው ጎተራ ያጣው።

የሌላውን ዓለም ታሪክ ስናገላብጥ ግን ይህ ጥያቄ የቆየ መሆኑን እናያለን።

ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሮም ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ፣ አንድ ገበሬ ሁለት የፍግ ጉድጓድ ይኑረው ይላል። አንዱ ለአዲሱ፣ አንዱ ለቆየውና ወደ ማሳ ለሚወሰደው። የጉድጓዱ ወለል ፈሳሹን እንዳያሰርግ ተደልድሎ ይጠቅጠቅ ብሎም ይመክራል። ከእሱ የቀደመው ቫሮ ደግሞ ፍጉን ፀሐይ እንዳይመጠው በጭራሮና በቅጠል ስለመሸፈን ጽፏል። ናይትሬት የሚባል ነገር መኖሩን ሁለቱም አያውቁም፤ መሸፈን እንዳለበት ግን አውቀዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የፔሩ ታሪክ ነው። ከፔሩ ጠረፍ ፊት ለፊት ቺንቻ የሚባሉ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። የባሕር ወፎች ኩስ በዘመናት ብዛት እዚያ ተከምሮ ተራራ አክሎ ነበር፤ ጓኖ ይባላል። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ናሙናውን እ.ኤ.አ. በ1804 ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ። ከ1840 ጀምሮ በመርከብ እየተጫነ የአውሮፓን ማሳ መቀለብ ጀመረ፤ ለፔሩ መንግሥት ዋና ገቢ ሆነ። ቆፋሪዎቹ፣ በተለይ ከቻይና በውል ስም የመጡት፣ በዚያ አቧራ ውስጥ ብዙ መከራ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1864 ደግሞ ስፔን ደሴቶቹን በጦር መርከብ ያዘቻቸው፤ ጦርነትም ሆነ። በወፍ ኩስ ማለት ነው!

ታዲያ የባሕር ወፍ በየዓለሙ ጠረፍ አለ፤ የቺንቻ ጓኖ ለምን ተለየ? መልሱ አንድ ነው፦ እዚያ ዝናብ አይዘንብም ማለት ይቻላል። ናይትሮጅኑ ሳይታጠብ ለዘመናት ቆየ። ዝናብ ከሚያገኛቸው ደሴቶች የሚመጣው ጓኖ ናይትሮጅኑ ስለታጠበ ዋጋው ዝቅተኛ ነበር። ወፉ ያው ወፍ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ጣራው ነው። ለፔሩ ደረቁ ሰማይ ጣራ ሆነላት። እኛ ያ ሰማይ ስለሌለን ጣራውን ራሳችን መሥራት አለብን።

በእጃቸው ጣራ የሠሩም አሉ። አሜሪካዊው የአፈር ሊቅ ፍራንክሊን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን ተጉዞ፣ ያ ምድር ለብዙ ሺህ ዓመታት ታርሶ እንዴት እንዳልደከመ ለማወቅ ሞከረ። መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1911 ታተመ። ጃፓን ውስጥ ናራ በሚባል ቦታ በእርሻ ምርምር ጣቢያ ያየውን ሲገልጽ የኮምፖስት ቤት ይለዋል፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። አስቡት፤ እኛ አገር ሰው የሚኖርበት ዓይነት ቤት ለኮምፖስት ተሠርቶለታል!

ዘመናዊውን የኮምፖስት አዘገጃጀት በጽሑፍ ያስፋፋው እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድም ሕንድ ኢንዶር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 ሲሠራ ኮምፖስት በሦስት ወር ገደማ እንዲደርስ አድርጎ ነበር። ከዚያ በላይ ሜዳ ላይ በክምር መቆየቱ ኪሳራ መሆኑንም አስተምሯል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

የእኛ ሰው ፍግን ከጥንት ያውቀዋል። ማስረጃው ጓሮው ነው። አመዱ፣ የቤት ጥራጊው፣ የበረት ፍጉ እዚያ ስለሚደፋ ጎመኑ፣ ጌሾው፣ ድንቹና በቆሎው ከሩቅ ማሳ ይልቅ ጓሮ ላይ ይፋፋል። እንደ እኔ አስተያየት የመጀመሪያው የማዳበሪያ ማከማቻችን ራሱ የጓሮው አፈር ነበር። ሩቁ ማሳ ግን ብዙ አልደረሰውም። ደን ሲመናመን እበቱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ገባ።

በዚህ መሐል የፋብሪካው ማዳበሪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ በገበሬ ማሳ ላይ ሙከራ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1967 የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት በስዊድን እርዳታ አርሲ ውስጥ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ዳፕና ዩሪያ በየገጠሩ ገባ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዛሬ «ማዳበሪያ» ስንል ከረጢቱንም ማለታችን ነው። «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» እንላለን። ይዘቱ አንድ ክረምት ሳይቆይ ያልቃል፤ ከረጢቱ ቤት ይቀራል። ከረጢቱ የገበሬውን ቤት ሙሉ ዕቃ ያስቀምጣል፤ እህል፣ በርበሬ፣ ከሰል። ኮምፖስት ብቻ ነው የማይቀመጥበት።

ኮምፖስት ራሱ በአገር ደረጃ ትኩረት እንዲያገኝ ብዙ የደከሙት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው የዕፅዋት ሊቋ ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በሚባለው ድርጅታቸው በኩል እ.ኤ.አ. በ1996 ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎችና ከግብርና ቢሮው ጋር በአራት መንደሮች ጀመሩ። ውጤቱ በብዙ ማሳ ተለክቷል፤ ኮምፖስት ያገኘ ማሳ በአብዛኛው ሰብል ላይ ምንም ካላገኘው እጥፍ ገደማ ሰጠ፤ ብዙ ጊዜም ከፋብሪካው ማዳበሪያ አላነሰም። ዶክተር ተወልደ እ.ኤ.አ. በ2000 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ፤ በ2023 አረፉ። ሱ ኤድዋርድስ ቀድመዋቸው በ2018 አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ በኋላ ኮምፖስት በየክልሉ የዘመቻ ሥራ ሆነ። በሜትር ኩብ ይታቀዳል፣ በሜትር ኩብ ሪፖርት ይደረጋል። እኔ በየስብሰባው የሰማኋቸው ሪፖርቶች ሁሉ «ይህን ያህል ሜትር ኩብ ተዘጋጀ» ይላሉ። «ይህን ያህሉ ጉልበቱ ሳይወርድ ማሳ ገባ» የሚል ግን አንድም አልሰማሁም። የሚቆጠረው ክምሩ ስለሆነ፣ ከተቆጠረ በኋላ ክምሩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ አበው፤ አዲስ ለመከመር ስንሯሯጥ የበሰለው ከእጃችን ይፈሳል።

ይህ ነገር ከሌላው አካባቢ ይልቅ ለአዊ ለምን ይብሳል? ዝናባችን ብዙ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ያ ዝናብ ዘንገናን ሞልቶ፣ ሣሩን አለምልሞ፣ ፈረሱን አወፍሮልናል። በዚያው ልክ ግን በብዙ ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ እያጠበ ቀዩን አፈራችንን አሲዳማ አድርጎታል። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ገብስና ስንዴ እምቢ ያለበት ማሳ ለዚህ ነው የበዛው። እንግዲህ አፈሩን ያጠበው ዝናብ፣ አፈሩን ሊጠግን የተዘጋጀውን ኮምፖስትም እያጠበው ነው።

ገበሬው ለዚህ መላ አግኝቶ ነበር፤ ዲከረንስ። ዛፉን ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ከሰል አክስሎ ሸጦ፣ መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። በዚህ ስንቱ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ከተማሪዎቼም በከሰል ገንዘብ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛላቸው ብዙ ናቸው። ከ2012 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ግን ዋግ መሰሉ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዛፉን አደረቀው። ያ መሬት አሁን ወደ እህል እየተመለሰ ነው፤ የፋብሪካ ማዳበሪያው ዋጋ ደግሞ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቁታላችሁ። በአሲዳማ አፈር ላይ ኮምፖስት ትልቅ ነገር ነው፤ ሥሩን የሚጎዳውን አሉሚኒየም አስሮ ይይዛል፣ ፎስፈረሱም ለተክሉ እንዲደርስ ያግዛል። ለዚህ ነው አንድ ቅርጫት እንኳ በከንቱ መታጠብ የሌለበት።

ምን ይደረግ ለምትሉ፣ ብዙ ወጪ የሌለው ነው።

መጀመሪያ መብሰሉን አረጋግጡ። የበሰለ ኮምፖስት ጥቁር ነው፣ የመጀመሪያ ዝናብ ያገኘው አፈር ይሸታል፣ ሲገላበጥ እንደገና አይሞቅም። ያልበሰለውን አፍኖ ማስቀመጥ ያሸተዋል።

ቦታው ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ይሁን፤ ዙሪያውን ትንሽ ቦይ ቅደዱለት። ዛፍ ጥላ ሥር ወይም የቤት ጀርባ ጥሩ ነው። አራት ቋሚ አቁማችሁ ሣር ብትከድኑለት ጎተራው ተሠራ ማለት ነው። ያ ካልሆነ ከላይ ገለባ ወይም ሣር ወፈር አድርጋችሁ አልብሱት፤ ዝናብ ሲጀምር ላስቲክ ጨምሩበት። ላስቲኩ ግን ከጎን አየር ያስገባ፤ ኮምፖስት ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ይተነፍሳል።

በከረጢት የምታስቀምጡ ከሆነ ከታች እንጨት ወይም ድንጋይ ደልድሉ፤ አፉን አጥብቃችሁ አትሰሩት።

እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩ። ጨበጥ ሲያደርጉት ተያይዞ ከቀረና ውሃ ካልፈሰሰው ልክ ነው። አቧራ ከሆነ ውሃ አርከፍክፉበት፤ ከተንጠባጠበ ገልጣችሁ አናፍሱት።

ኖራና አመድ የማስቀመጫው ክምር ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑን ጋዝ አድርገው ያስወጡታል። ኖራው ለብቻው በጊዜው ወደ ማሳው ይግባ።

በመጨረሻም የዘንድሮውን ለዘንድሮ ክረምት ተጠቀሙበት፤ ኮምፖስት እንደ ጠጅ በቆየ ቁጥር አይጥምም። ማሳ ላይ ስትበትኑትም በዚያው ቀን ከአፈር ጋር አዋህዱት።

ለወረዳ ባለሙያ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። በሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ «ስንቱ ክዳን አለው?» የሚል። የሚጠየቅ ነገር ይሠራል። ሮማዊው የሸፈነውን፣ ጃፓናዊው ቤት የሠራለትን፣ ጎተራ በመሥራት የታወቀው የእኛ ገበሬ አያቅተውም።

በእናንተ ሰፈር የበሰለ ኮምፖስት የት ይቀመጣል? የአያቶቻችሁን ዘዴ የምታውቁ ጻፉልኝ፤ እኔም ለተማሪዎቼ እነግርበታለሁ።

ቸር ሰንብቱ!