ተማሪ ወይስ ሠራተኛ? የረዳት አስተማሪዎች አድማ በዊስኮንሲንና ከዚያ ወዲህ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁጥር በፍጥነት አደገ። ይህን ሁሉ ተማሪ በፕሮፌሰሮች ብቻ ማስተማር ስላልተቻለ፣ ትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለከፍተኛ ዲግሪ የሚማሩትን ተማሪዎች በረዳት አስተማሪነት መቅጠርን አዘወተሩ። ፕሮፌሰሩ በሰፊ አዳራሽ ትምህርቱን ሲሰጥ፣ ረዳቱ በትንሽ ክፍል ተማሪዎችን ያወያያል፤ ፈተና ያርማል፤ ማርክ ይሰጣል። ስለሆነም አዲስ የገባ ተማሪ በቅርብ የሚያውቀው አስተማሪ ብዙውን ጊዜ ረዳቱ ነበር። ይህ ሰው ተማሪ ነው ወይስ ሠራተኛ? የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቆየ።

ጥያቄው ጎልቶ የወጣው በማዲሰን ከተማ በሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ የረዳት አስተማሪዎች ማኅበር በ1966 ተመሠረተ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1969 ከሌላ ግዛት የመጡ ረዳቶች ያገኙት የነበረውን የትምህርት ክፍያ ቅናሽ የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ ለግዛቲቱ ምክር ቤት ቀረበ። ይህም ብዙዎችን ወደ ማኅበሩ ሳበ፤ በዚያው ዓመት በተሰጠ ድምፅ ማኅበሩ የረዳቶቹ ሕጋዊ ተደራዳሪ ለመሆን በቃ። ድርድሩ ፍሬ ባለማፍራቱ ግን በመጋቢት 1970 የሥራ ማቆም አድማ ተመታ፤ ከሦስት ሳምንትም በላይ ቆየ።

የማኅበሩ ጥያቄ ሁለት ገጽታ ነበረው። አንደኛው የኑሮ ጥያቄ ሲሆን፣ የሕክምና መድንን፣ የቅጥር ዋስትናንና የአቤቱታ ሥርዓትን ይመለከታል። ሁለተኛው፣ ረዳቶችና ተማሪዎች ትምህርቱን በማቀድ ረገድ ድምፅ ይኑራቸው የሚል ነበር። በሚያዝያ 1970 በተደረሰው ስምምነት ለፊተኛው ጥያቄ መልስ ተገኘ። ሁለተኛውን ግን ዩኒቨርሲቲው ትምህርትን ማቀድ የፕሮፌሰሮች ሥልጣን ነው በማለት አልተቀበለውም።

የተገኘውም ቢሆን ጽኑ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው በ1980 ስምምነቱን አቋረጠ፤ የመደራደር መብት በግዛቲቱ ሕግ የታወቀው በዚያው አሥርተ ዓመት አጋማሽ ነው። በ2011 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን የመደራደር መብት በእጅጉ አጠበበ። በግል ዩኒቨርሲቲዎችም የአገሪቱ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ በ2000 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ረዳቶች ሠራተኞች ናቸው አለ፤ በ2004 በብራውን ጉዳይ አይደሉም አለ፤ በ2016 በኮሎምቢያ ጉዳይ እንደገና ናቸው ሲል ወሰነ። አንድ ሰው ያንኑ ክፍል እያስተማረ ሳለ ስሙ ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ።

በኅዳር 2022 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48,000 ያህል ረዳቶችና ተመራማሪዎች ሥራ አቆሙ። የአብዛኞቹ ብሶት ደመወዛቸው ለቤት ኪራይ አለመብቃቱ ነበር። ስድስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ የረዳት አስተማሪዎች ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ ከ23,000 ዶላር ገደማ በ2024 ወደ 34,000 ያህል እንዲያድግ ስምምነት ተደርሶ አድማው አበቃ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ መጀመሪያ የጠየቀው 54,000 ስለነበር ብዙ አባላት ስምምነቱን በቅሬታ ተመለከቱት።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ዕቅድ አውጪ የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። አስተማሪ ሲያንስ ክፍሉን በረዳት መሸፈን በዕቅድ ላይ ርካሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የኪራዩ ነገር የሚያስጨንቀው ረዳት የተማሪውን ጽሑፍ በጥሞና ለማረም ይቸገራል፤ በመሆኑም የረዳቱ ኑሮ የተማሪው ትምህርት አንድ ክፍል ነው። ስለ ደመወዙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ክርክር ሲካሄድ፣ በ1970 ሳይመለስ የቀረው ሁለተኛው ጥያቄ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። በየዕለቱ ከተማሪው ፊት የሚቆመው ሰው ስለሚያስተምረው ነገር ድምፅ ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም? ይህ ጥያቄ ረዳቶችን ብቻ ሳይሆን መምህራንን ሁሉ ይመለከታል።