«የት ተገኘ?» ከመሬት ስለሚወጡት ጥንታዊ የብር ገንዘቦች

በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር ሰው የሚቀርብለት የፍርድ ቤት ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ ብቻ አይደለም። በድንበር አካባቢ ሲሆን ደግሞ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሟች ዘመድ መታወቂያ፣ በቀለበት ላይ የተቀረጸ ስም ሳይቀር «አንብብልኝ» ተብሎ ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋልዳ አንድ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ከኪሳቸው ያወጡትን የተቋጠረ መሐረብ ሲፈቱ ሁለት ገንዘቦች አየሁ። አንደኛው ሰፊና ከባድ ነው። ሁለተኛው ግን ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። «ልጄ፣ አንተ የፈረንጁንም የኛንም ፊደል ታውቃለህ። ናይሮቢ ለሚገዛኝ ሰው ምን እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ» አሉኝ። ቀጥለውም «ሁለቱም ብር ናቸው አይደል?» ሲሉ ጠየቁ።

በእርግጥ ሁለቱም ብር ናቸው። ማዕድኑንና ገንዘቡን በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ይህን ጥያቄ ቀላል ያስመስለዋል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው የዘመን ርቀት ከአንድ ሺህ ዓመት ይበልጣል፤ አሠራራቸውም ፈጽሞ አይገናኝም።

ትልቁን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም። እናቶቻችን በአንገታቸው ያንጠለጠሉት፣ አባቶቻችን በሬና ግመል የገዙበት ጠገራ ብር ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከመቶው 83 እጅ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ገጹ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከነሙሉ ደረቷ ትታያለች፤ በላዩም 1780 የሚል ዓመት ተጽፏል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ዓመት ብዙ ሰው አሳስቷል። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው፤ ገንዘቡ ግን ከዚያ በኋላ በቪየናና በሌሎች ከተሞች፣ ያንኑ ዓመት እንደያዘ፣ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ «1780 ይላልና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው» ማለት አይቻልም። በ1945 በኢትዮጵያ በአዲሱ ብር ከተተካ በኋላም ቢሆን ከገበያውና ከጌጥነቱ ቶሎ አልጠፋም። ጠገራ የመኪና ሥራ ነው። ክቡ ልክ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ነው፤ በጠርዙም ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ ይዞራል።

ትንሹ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። ጠርዙ ወጣ ገባ ነው። የንጉሡ ራስ ከመሐል ወደ ጎን ሸሽቷል፤ በዙሪያው ከነበሩት ፊደላትም ገሚሶቹ ከብሩ ውጭ ቀርተዋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ በመዶሻ የተመታ ገንዘብ ምልክቱ ይኸው ነው። አንጥረኛው ክብደቱን መጥኖ ያዘጋጀውን ጥፍጥፍ ብር፣ አንዱን ገጽ በግልብጥ በተቀረጸበትና በጉማጅ ላይ በተተከለ ማኅተም ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሌላውን ገጽ የያዘውን ማኅተም ከላይ ይደግፍና በመዶሻ ይመታዋል። እጁ ጥቂት ካዘነበለ ምስሉም ያዘነብላል። ደግሞ ከመታው የንጉሡ አፍንጫ ሁለት ይሆናል። በዚህም ምክንያት በአንድ ማኅተም የተመቱ ሁለት ገንዘቦች እንኳ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በቅርጽ አፍስሰው ያወጡታልና፣ በጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር፣ በገጹም ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ የረቀቁ የአየር አረፋዎች ይታዩበታል።

የአዛውንቱ ትንሽ ገንዘብ፣ ዐይኔ ካልዋሸኝ፣ የአክሱም ነበር።

የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ መምታት የጀመሩት በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ በ270 ገደማ እንደሆነ ሊቃውንቱ ይስማማሉ። እርሱ በወርቅና በብር መታ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው አፊላስ ናስን ጨመረበት። ሥራው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘለቀ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በገንዘብ ላይ ስማቸውን የተዉት ነገሥታት ሃያ ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹን የነገሥታቱ ዝርዝር በሚገኝባቸው የብራና መጻሕፍት ውስጥ ብንፈልግ አናገኛቸውም። እንዱቢስ ራሱ እንደነገሠ የምናውቀው ገንዘቡ ከመሬት ስለወጣ ነው።

የብሮቹ ክብደት በመጀመሪያ ሁለት ግራም ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ወደ አንድ ግራምና ከዚያም በታች ወርዷል። በቀደሙት ላይ በራስጌ ጨረቃና ክብ ይታያል፤ ይህም የጥንቱ እምነት ምልክት ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ጊዜ፣ መስቀል በቦታው ገባ። አንድ መንግሥት ሃይማኖቱን መለወጡን የጥፍር ስፋት ባለው ብር ላይ እንዲህ በግልጥ ማንበብ መቻሉ ዛሬም ያስገርመኛል።

እንደ ተርጓሚ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚስበኝ የቋንቋው ነገር ነው። እንዱቢስ በግሪክኛ ፊደል «ባሲሌውስ» ማለትም «ንጉሥ» ብሎ ጻፈ። ከዚያው አያይዞ «ቢሲ ዳኩ» የሚል ማዕረግ ጨመረ። «ቢሲ» ግሪክኛ አይደለም፤ የግእዙ «ብእሲ» ነው፣ «የእገሌ ወገን ሰው» እንደ ማለት። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ይህን ቃል ከመተርጎም ይልቅ እንዳለ በባዕድ ፊደል ማስቀመጥን መረጠ። እኔም ስንት ጊዜ ያደረግሁት ነው። ዋዜባ የተባለው ንጉሥ ደግሞ ግእዝን በግእዝ ፊደል ገንዘቡ ላይ አስቀረጸ። ያኔ ፊደሉ ገና ካዕብና ሣልስ የማይለይበት ነበርና «ወዘበ ነገሠ አከሰመ» ተብሎ ይነበባል፤ «ዋዜባ ንጉሠ አክሱም» ማለት ነው። በኋላ ዘመን ወርቁ ወደ ባሕር ማዶ ነጋዴ ስለሚሄድ ግሪክኛውን ይዞ ቀረ፤ በአገር ቤት የሚዘዋወሩት ብርና ናስ ግን በአመዛኙ ወደ ግእዝ ዞሩ። አርማሕ የተባለው ንጉሥ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ»፣ «ለሕዝቦች ደስታ ይሁን» ብሎ የጻፈው ለአገሩ ሰው ነው። በወርቁ ላይ የቀረው ግሪክኛ ግን እየቆየ ተበላሽቷል። የኋለኞቹ ቀራጮች ቋንቋውን የሚያውቁ አይመስሉም፤ ፊደሉን እንደ ሐረግ ጌጥ ነው የሣሉት።

ይህ ሁሉ ሲነገር አንድ ነገር ይጎድላል። በአክሱም ገንዘብ ላይ ዓመት የለም። የሐረር አሚሮች መሐለቅ እንኳ ዓመት ነበረው። ሪቻርድ በርተን በ1855 ሐረር ሲገባ ያያት ትንሽዬ የናስ መሐለቅ በአንድ ገጿ የሐረር ገንዘብ መሆኗን፣ በሌላው ደግሞ 1248 ዓመተ ሂጅራን ትናገር ነበር። የአክሱሙ ግን የንጉሡን ስም ብቻ ይሰጠናል። ማን ከማን በፊት ነገሠ? ገንዘቡ ብቻውን ሊነግረን አይችልም። የዋዜባ ስም በአንድ ገጽ፣ ኡሳናስ የተባለው የሌላው ንጉሥ ስም በሌላው ገጽ የሚገኝባቸው ብሮች አሉ። ሁለቱ አብረው ነግሠው ነውን? ወይስ አንድ ደንገጥ ያለ አንጥረኛ የአሮጌውን ንጉሥ ማኅተም ከአዲሱ ጋር አጣምሮት? መልሱ ያለው ብሩ ላይ አይደለም፤ ብሩ በወጣበት አፈርና አብረውት በተቀበሩት ነገሮች ውስጥ ነው።

ለዚህ ከኢትዮጵያ ይልቅ ለእኛ በኬንያ ላለነው የቀረበ ምስክር አለ። ኔቪል ቺቲክ የተባለው የከርሰ ምድር ተመራማሪ በ1973 እና 1974 አክሱምን ቆፍሯል፤ በዚያ የተገኙትን ገንዘቦች ያጠናው ስቱዋርት መንሮ ሄይም በ1984 ስለ አክሱም ገንዘብ መጽሐፍ አሳትሟል። ይኸው ቺቲክ ከዚያ በፊት በታንዛኒያ ጠረፍ የምትገኘውን የኪልዋን ደሴት ቆፍሮ ነበር። በኪልዋ ዓሊ ኢብን አል ሐሰን የተባለ ሱልጣን ስም ያለባቸው ገንዘቦች ይገኛሉ፤ እነርሱም እንደ አክሱም ገንዘብ ዓመት የላቸውም። ቺቲክ ያለውን ማስረጃ መዝኖ ሱልጣኑን ወደ 1200 ገደማ አደረገው። በ1984 ግን በፔምባ ደሴት፣ ምታምብዌ ምኩ በተባለ ስፍራ፣ ከ2,000 በላይ ጥቃቅን የብር ገንዘቦች በአንድነት ተቀብረው ተገኙ። የዓሊ ኢብን አል ሐሰን ስም በውስጣቸው ነበረ። ከብሮቹ ጋር ደግሞ ዓመት የተጻፈባቸው ጥቂት የወርቅ ዲናሮች አብረው ወጡ፤ ዲናሮቹ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበሩ። ሱልጣኑ በአንድ ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ፤ የስዋሂሊ ጠረፍ ታሪክም አብሮት ተስተካከለ።

ያ ድልብ የተገኘው ለየብቻው ተበትኖ ቢሆን ኖሮስ? አንዱ ዲናሩን ለወርቅ ሠሪ ሸጦት፣ ሌላው ብሮቹን ለቱሪስት በትኖ ቢሆን? እያንዳንዱ ገንዘብ ሳይጎድል በሙዚየም ሊገኝ ይችል ነበር፤ የሚናገረው ግን ባልኖረ። በአክሱም አካባቢ የሆነው በአመዛኙ ይኸው ነው። ዝናብ ሲያባራ ልጆች ከማሳው ላይ ይለቅማሉ፤ ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ከሰሜን ኢትዮጵያ ይዟቸው ከሄደ ወዲህ በአውሮፓ ካቢኔቶች የተጠራቀሙት የአክሱም ገንዘቦች፣ ስማቸው፣ ክብደታቸውና ፎቶግራፋቸው በሚገባ ታትሟል፤ የወጡበት ማሳ ግን ለብዙዎቹ አልተጻፈም።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ትንሹ ብር እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራ ነበር። ከመሬት የወጣ የቆየ ብር እንዲህ አያበራም። ጨው ባለበት አፈር ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ቅርፊት ያወጣል፤ ናስ የተቀላቀለበት ከሆነም አረንጓዴ ይሆናል። «በሎሚና በአመድ ፈትጌው ነው፤ እንዲያምር» አሉኝ። እኔም ወቀሳ አልቃጣኝም፤ በልጅነቴ አንድ የአያቴን አሮጌ ሳንቲም በዚያው መንገድ ፈትጌ ፊቱን አጥፍቻለሁና። ነገር ግን የአክሱም ብር ከሌላው ዓለም ገንዘብ የሚለይበት አንድ ጥበብ አለው፤ በብሩ ገጽ ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል፣ ስስ ወርቅ ይለበጥበታል። በአንድ ግራም ብር ላይ ይህን ያህል መድከም ምን ይሉታል! በአመድ ሲፈተግ መጀመሪያ የሚለቀው ያ ወርቅ ነው። በአዛውንቱ ብር ላይ ከንጉሡ ጆሮ ኋላ የሽንብራ ግማሽ የማታህል ቢጫ ነጥብ ቀርታ አየሁ። ከፊደሉም የለየሁት ሁለት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በእጁ የገባ ሰው ሊያደርገው የሚገባው ብዙ አይደለም። አለማጠብ፤ አለመፈተግ። የወጣበትን ቦታ፣ ጥልቀቱንና ቀኑን፣ አብረውት የወጡትን፣ ሸክላም ይሁን አጥንት ወይም ከሰል፣ እዚያው መጻፍ፤ የእጅ ስልኮቻችን የቦታውን መለኪያ እስከነ ቁጥሩ ያሳያሉ። ሁለቱንም ገጽ ከማስመሪያ ጋር ማንሳት። በወርቅ ሠሪ ሚዛን ማስመዘን፤ የግራሙ ክፍልፋይ ሳይቀር ይጻፍ፣ በአንድ ግራም ገንዘብ ላይ አሥረኛዋ ትልቅ ናትና። ፊደሉን «ይህ መሆን አለበት» ብሎ ሳያሟሉ የሚታየውን ብቻ መገልበጥ፤ ለተርጓሚ ከባዱ ይህ ነው። ከአንድ በላይ ከሆኑም አለመለያየት።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ የራቀ ነገር አይጠይቅም። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል። መሥሪያ ቤቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ ይጠራል። በኬንያ በ2006 የወጣው የብሔራዊ ሙዚየሞችና የቅርስ ሕግ ደግሞ ሰባት ቀን ይሰጣል፤ ትክክለኛ ቦታውና የተገኘበት ሁኔታ እንዲገለጽም ይፈልጋል። ድንበሩን ተሻግሮ የሚመጣ ብር ግን በሁለቱ ሕጎች መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ የአፈሩ ማስታወሻ ባንደኛው ወገን ስለሚቀር ነው።

«አባባ፣ የት ተገኘ?» አልኳቸው። ከሞያሌ ገበያ፣ ከአንድ መንገደኛ እንደገዙት ነገሩኝ። መንገደኛውስ? ከሰሜን የመጣ ነው አሉ፤ ከዚያ በላይ አያውቁም። ሕጉን ገለጽሁላቸው። ለገዢ የሚሆን ወረቀት እንደማልጽፍ፣ ለሙዚየም የሚሆን ከሆነ ግን ያለ ክፍያ እንደምጽፍ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እስቲ ጻፈው፤ እኔ እወስነዋለሁ» አሉ። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄደን አስመዘንነው፤ ከአንድ ግራም ጥቂት ጎደለ። ስፋቱን ለካሁ፤ ሁለቱን ገጾች ሣልሁ፤ ሁለቱን ፊደላት እንዳሉ ገለበጥሁ፤ ቢጫዋን ነጥብም ቦታዋን አመለከትሁ። «የተገኘበት ቦታ» ከሚለው ትይዩ «አይታወቅም» ብዬ ሳሰፍር በእንግሊዝኛው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ትርጉሙን ጠየቁኝ።

«እሱን መስመር ብትተወውስ?» አሉ። «አልችልም» አልኋቸው። ጠገራውንና ትንሹን ብር በመሐረቡ መልሰው ቋጠሩ፤ ወረቀቱንም በአራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ። ቅጂው በእኔ ደብተር ውስጥ ይገኛል።